በእጅ የተመዘነው ፓወር ሰፕላይ

ጡረታ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያው የመንግሥቱ ነው። መሥሪያ ቤታችን ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር «ቤቴንና ሀዋሳን ትቼ የትም አልሄድም» ብዬ ዕድሜዬ ሳይሞላ ወጣሁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ በአካል አይተውኝ የማያውቁ ኃላፊም ስለ ትጋቴ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሁለተኛው ዘንድሮ ነው። ዓይኔ ብሎንን ከጉንዳን መለየት ሲያቅተው ከጋሽ ላንቃሞ የጥገና ሱቅ ወጣሁ። እሳቸው ካረፉ በኋላም የሱቁን ስም አልቀየርነውም ነበር። በዚህኛው ጋቢም ኬክም የለም። መበየጃዬን ከሶኬት ነቀልኩ፣ ጠረጴዛዬን ጠረግኩ፣ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ያለቀስኩት ግን በሁለተኛው ነው።

ሙያው ራሱም አብሮኝ ጡረታ እየወጣ ይመስለኛል። የዛሬ ላፕቶፕ በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ሲታመም አይከፈትም፣ ይጣላል። የእኛ ዘመን ኮምፒውተር ጎኑ እንደ በር ይከፈት ነበር። የደከመውን አውጥተሽ የበረታውን ትተኪበታለሽ፣ ዘግተሽ ትመልሺዋለሽ፣ ባለቤቱም መርቆሽ ይሄዳል። ልጆቼ ይህን ሳወራ ስለሚሰለቹ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ወረቀት አይሰለችም።

ተወልጄ ያደግሁት ዱራሜ ነው፤ ሀዋሳ የመጣሁት ታይፒስት ሆኜ። ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲመጣ ለብቻው ክፍል ተሰጠው፤ እኛ ጫማችንን አውልቀን ነበር የምንገባው። የክፍሉን ቁልፍ የያዙት ኃላፊያችን አቶ ታደለ ነበሩ። መስክ ሲወጡም ቁልፉ በደረት ኪሳቸው አብሯቸው ይወጣል። እሳቸው እስኪመለሱ እኛ በታይፕ ስንቀጠቅጥ ኮምፒውተሯ ዳንቴል ለብሳ እንደ ሙሽራ ትጠብቃቸዋለች።

አንድ ቀን ያቺ ባለዳንቴል አልነሳም አለች። አቶ ታደለ ላብ በላብ ሆነው ጠጋኝ አስጠሩ። የመጡት ሰው ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ነበሩ። ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፤ ኮምፒውተርን የለመዱት በራሳቸው እየፈቱና እየገጠሙ ነው። ጋሽ ላንቃሞ ማለት እሳቸው ናቸው። ዳንቴሉን አንስተው በሥርዓት አጣጠፉና ለአቶ ታደለ ሰጧቸው።

«ይቺን ለሶፋ ያድርጓት፤ ይቺ ልጅ መተንፈስ ትፈልጋለች» አሉ።

በዳንቴል ታፍና ነበር የተቃጠለችው። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳቄን አፍኜ ሳይ አዩኝና «አንቺ የምትስቂው፣ ነይ ባትሪ ያዢልኝ» አሉኝ። ባትሪውን የያዝኩት ለዚያ ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ለጥገና ሥልጠና ላከኝ። ዲላም፣ አለታ ወንዶም፣ ይርጋለምም ተመድቤ ሠርቻለሁ። ዲላ የነበሩት አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ «ሴት ልጅ ሞኒተር አትሸከምም» ብለው ራሳቸው ተሸክመው ደረጃው ላይ ጣሉት። አለታ ወንዶ የአይጥ ቤተሰብ ፕሪንተር ውስጥ ከነልጆቹ አግኝቻለሁ። ደመወዙን አታንሱብኝ። ሀዋሳ በተመለስኩ ቁጥር ግን እግሬ ይዞኝ የሚሄደው አዲስ ከተማ ሰፈር ወደነበረችው ወደ ጋሽ ላንቃሞ ሱቅ ነው። ከመንግሥት ሥራ ስወጣም «ወንበር አለ» አሉኝ፤ ተቀመጥኩበት።

ጋሽ ላንቃሞ ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው «ምን ሆነ?» ብለው አይጠይቁም፤ «ሥራህ ምንድን ነው?» ነው የሚሉት። ሰውዬው ሥራውን እስኪያወራ ኮምፒውተሩን አይነኩትም። «ችግሩን እሱ ካወቀው እኛ ዘንድ ምን ያመጣዋል? ሥራውን ከነገረን ችግሩን እኛ እንደርስበታለን» ይሉኛል። የፈቱትን ብሎን በየዓይነቱ በማር ማሰሮ ክዳን ውስጥ ይለያሉ። ኬዙን ከመክፈታቸው በፊት ገመዱን ነቅለው የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ይጫናሉ፣ ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ ይውጣ ብለው። ይህን ሳያደርግ የከፈተ ሠራተኛ በዚያ ቀን ሌላ ዕቃ አይነካም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በብዛት ይመጣብን የነበረው ግራፊክስ ካርድ ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ፣ ጨዋታ የሚጫወት ሁሉ ምስል የሚያፈጥንለትን ካርድ ገዝቶ «ግጠሙልኝ» ይላል። መግጠሙ ቀላል ነው፤ ችግሩ ካርዱ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቢሮ የወጣ፣ ለደብዳቤ መጻፊያ የተሠራ ደካማ ነው። «ጭነት ከመጨመርሽ በፊት አህያዋን እያት» ይሉኝ ነበር ጋሽ ላንቃሞ።

ሃና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትዝ ትለኛለች፤ ከጎንደር መጥታ የሕንፃ ንድፍ የምትማር። አዲስ ካርድ አስገጥማ ስዕሏን ስትከፍት ደህና ነው። ሙሉውን ሕንፃ ከነጥላው አውጣልኝ ስትለው ድርግም ይልባታል። የሄደችበት ሱቅ ሁሉ «ካርዱ የተበላሸ ነው» ብሎ መልሷታል። ጋሽ ላንቃሞ ካርዱን አውጥተው አዩት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ሰጧት።

«አልታመመም፤ ርቦት ነው» አሉ።

ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ተካንላት፤ ሕንፃዋ ከነጥላው ወጣ። ልጅቷ እዚያው ሱቅ ውስጥ እልል አለች፤ ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ሰርግ መስሎት ምላጩን እንደያዘ ወጣ።

ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ማግኘቱ ነበር ፈተናው። ላዩ ላይ የተጻፈው ዋት ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ፋብሪካው ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፋል። ከፍተሽ እንዳታዪ ነጋዴው ብሎኑ ላይ ወረቀት ለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ዕቃው አይመለስም። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ጠጋኝ ሁሉ በእጁ ይመዝን ነበር። ደህናው ውስጡ ወፍራም የመዳብ ጥቅልና ሰፋፊ አሉሚኒየም ስላለው ይከብዳል፣ የማይረባው ባዶ ስለሆነ ይቀላል። ጋሽ ላንቃሞ ደግሞ የመዛኞች ሁሉ አለቃ ነበሩ። እናታቸው ይርጋለም ገበያ ቅቤ ሻጭ ነበሩ፤ «የእሷ እጅ ነው» ይላሉ። በግራ እጃቸው የታወቀ አሮጌ ደህና ፓወር ሰፕላይ ይይዛሉ፣ በቀኝ አዲሱን፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ሥጋ አለው» ካሉ ተገዛ፤ «አጥንት ነው» ካሉ ተመለሰ። ሌሎች ሱቆች ሳይቀሩ «ጋሼ፣ ይመዝኑልን» እያሉ ይመጡ ነበር። እኔም ያንን እጅ ከማንኛውም መለኪያ በላይ አምነው ነበር።

ኤርምያስ ከእኛ ሱቅ በታች ትንሽ ስቱዲዮ ያለው ወጣት ነው፤ ሰርግ ይቀርጻል፣ የመዘምራን ክሊፕ ይሠራል። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ግን ጉልበተኛ ግራፊክስ ካርድ አስመጥቶ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። ከገበያ አዲስ ፓወር ሰፕላይ አመጣን። ጋሽ ላንቃሞ ዓይናቸውን ጨፍነው መዘኑት።

«ይሄስ የሰባ ነው» አሉ።

ገጠምኩት። ከባድ ሥራ ጭነንበት ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ አስኬድነው፤ አልተንገዳገደም። ኤርምያስ ባጃጅ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎት ሄደ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በእግሩ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ ገነት፣ ፈነዳ» አለኝ። «ሥራ ላይ እያለ ጮኸና ጨሰ። ካርዱም፣ ማዘርቦርዱም፣ ሃርድ ዲስኩም አይነሱም።»

«ካርዱ ይተካል፣ ልጄ» አልኩት።

«ካርዱን ማን አነሳው?» አለና ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

ዲስኩ ላይ ኤርምያስ የቀረጸው የአንዲት ሙሽራ፣ የምሕረት ሰርግ ነበረበት። የምሕረት አባት አቶ ሃሜሶ ከአልጋ ተነስተው፣ ወንበር ላይ ተደግፈው ነበር ልጃቸውንና አማቻቸውን የመረቁት። ከሰርጉ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ አረፉ። ቤተሰቡ ያችን ምርቃት ለማየት ቀን ይቆጥር ነበር። ሽማግሌው ሲናገሩ የሰርጉ መሪ «ባለሙያ እየቀረጸ ነው፣ ስልካችሁን አስቀምጡ» ብሎ ስለነበር በማንም ስልክ ላይ የለም። የካሜራውን ሜሞሪ ኤርምያስ ዲስኩ ላይ ገልብጦ ለሚቀጥለው ሰርግ አጥፍቶታል። የሟቹ ድምፅ የቀረው እዚያ አንድ ዲስክ ላይ ነበር።

ኮምፒውተሩን አስመጥቼ፣ ዲስኩን ከመንካቴ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ወረቀቱን ቀድጄ ከፈትኩት። መዳቡ እንደ ጫማ ማሰሪያ ቀጭን ነው፤ አሉሚኒየሙ ከቆርቆሮ ሳስቷል። ጥግ ላይ በሲሊኮን የተጣበቀ አንድ ነገር አለ። አላቀቅሁት። የፌሮ ቁራጭ ነው፤ ቤት ሲሠራ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት ራሱ። ሰዎቹ ጠጋኝ በእጁ እንደሚመዝን አውቀው ለእጃችን ብለው ነው ያስገቡት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጋሽ ላንቃሞ ቁራጯን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አደረጓት። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ዓይናቸው እንባ ያዘ። ያን ዕለት እንዳዘንኩላቸው ለማንም አዝኜ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሳይከፈት ከሱቃችን የወጣ ፓወር ሰፕላይ የለም፤ ነጋዴዎቹ ተሳደቡ፣ ተኳረፉ፣ ኋላ ራሳቸው ብሎን መፍቻ ይዘው ይመጡ ጀመር። ይህ ግን ለኤርምያስ ዲስክ ምን ይረባዋል?

የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን በዲስኩ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ያለች ትንሽ መከላከያ ናት ራሷን ሠውታ የምትቃጠለው፤ እሷን ስታነሺ ዲስኩ ይነሳል። አነሳኋት፤ አልተነሳም። ከአንድ ዓይነት ዲስክ ሰሌዳ ነቅዬ ቀየርኩለት። መዞር ጀመረ፣ ኤርምያስ ትከሻዬን ጨበጠ፤ ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ይህን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ተስፋ አያደርግም። አዲስ አበባ ላሉ የዲስክ ባለሙያዎችም ላክነው፤ ምንም ማውጣት እንዳልቻሉ ነግረው መለሱልን።

«መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጠለው እንበላቸው» አለ ኤርምያስ። «ማንም አይጠይቀንም።»

እውነቱን ነው። በከተማችን መብራት ያላቃጠለው ፍሪጅ፣ ያላቃጠለው ቴሌቪዥን የለም፤ አንድ ዲስክ ቢጨመርበት ማን ይደነቃል? እኔም በልቤ «እንዲያ ይቅር» ብዬ ነበር። ጋሽ ላንቃሞ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መብራት የራሱ ኃጢአት ይበቃዋል፤ የእኛን አንጨምርበትም። እሁድ ከቸርች በኋላ እንሄዳለን» አሉ።

የአቶ ሃሜሶ ቤት ሐይቅ ዳር ነው። እናትየው ወይዘሮ አስቴር፣ ምሕረትና ባሏ፣ ሁለት አጎቶች ሳሎን ተቀምጠው ነበር። የምሕረት ታላቅ ወንድም ዮሴፍም ነበረ። ኤርምያስን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ቪዲዮውን ያመጣ መስሏቸዋል። ያ የበራ ፊት እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጋሽ ላንቃሞ አልተቀመጡም። «አፊኒ?» አሉ። የሲዳማ ሽማግሌ ከባድ ነገር ሲይዝ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ሰምታችኋል ወይ እንደማለት ነው። ይህ ከተባለ ሁሉም ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። አጎቶቹ ቀና ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ላንቃሞ በሲዳምኛ ሁሉንም ተናገሩ፤ እኔም በኖርኩበት ዘመን ቋንቋውን ስለለመድኩ ተከተልኳቸው። ካርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ዲስኩን አስረዱ። «ልጁ አላጠፋም፤ ይቺም ሴት አላጠፋችም። መዝኜ ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ፌሮዋን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

ምሕረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ እኮ ያኔ እያለቀስኩ ነበር፤ አባባ ያለውን አንድ ቃል አልያዝኩም። በቪዲዮው እሰማዋለሁ ብዬ ነው የተጽናናሁት» አለች።

ዮሴፍ ብድግ ብሎ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። «የአባቴን ድምፅ በብረት ሸጣችሁት! ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ...» ብሎ ጮኸ። አንደኛው አጎት «ግባና ተቀመጥ» ቢለው አልሰማም። ጋሽ ላንቃሞ እዚያው እንደቆሙ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔና ኤርምያስም አብረን።

ወይዘሮ አስቴር ፌሮዋን አንስተው አዩአት፤ መልሰው አስቀመጧት።

«ይቀመጡ፣ ወንድሜ» አሏቸው ለጋሽ ላንቃሞ፣ አግዳሚውን እያሳዩ። «ሃሜሶ በመጨረሻ ቃል ይጠፋበት ነበር። በልጁ ሰርግ ላይ እንዳያፍር ጠዋት ጠዋት ቁርስ ላይ ምርቃቱን የማስጠናው እኔ ነበርኩ። እሱ የተናገረውን እኔ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ወደ ኤርምያስ ዞሩ። «ካሜራህ የት አለ?»

«ስቱዲዮ ነው፣ እማማ። ለማምጣት አፈርኩ።»

«ሂድና አምጣ።»

ጋሽ ላንቃሞ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዮሴፍ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን እንደቆመ ነው። ኤርምያስ ሲመጣ በጎኑ አልፎ ገባ፤ ካሜራውን ሲተክል የማቆሚያውን እግር እኔ ያዝኩለት። ወይዘሮ አስቴር የባላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሙሽሮቹ ተንበረከኩ።

ባልቴቷ በሁለቱ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁ። «ደጃችሁ እንግዳ አይጣ። ላማችሁ ወተት አይጣ። የዘራችሁት ይብቀል፤ የወለዳችሁት ይደግ። እግዚአብሔር በፊታችሁ ይሂድ» አሉ። ድምፃቸው ሳይሰበር ጨረሱ። «አሜን» አልን ሁላችንም። ኤርምያስ ካሜራውን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አለች ምሕረት። እንደተንበረከከች ቀና ብላ እናቷን አየች። «እማ፣ አባባ አንድ ጨምሯል።»

«እኔ አላስጠናሁትም።»

«አንቺ ያኔ እንግዳ ልትቀበዪ ወጥተሽ ነበር። አሁን ስትናገሪ ነው ትዝ ያለኝ።»

«ምን አለ?» አሉ እናትየው፤ ይህን ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ።

ምሕረት ዓይኗን ጨፈነች። «ከሁለታችሁ የተቆጣ፣ በር ላይ ቆሞ አይናገር። ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይናገር» አለች።

አንደኛው አጎት ጭኑን መታ። «እሱ ነው! ሃሜሶ ራሱ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ እየሳቀም እንባው ወረደ። ኤርምያስ ካሜራውን አላጠፋውም።

ዮሴፍ ፊቱን መለሰ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። ክፍት ቦታ የነበረው አግዳሚው ላይ ከጋሽ ላንቃሞ ጎን ብቻ ነበር። ገባና ተቀመጠ።